የትምህርት ዕድል ልዩነትን ለማጥበብ፦ የመንግሥት ጥረትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

(በዩኒየናችን 20ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ባለሙያ የቀረበ ንግግር)








የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ ስለ ስንዴ ዋግ ወይም ስለ ኖራ አጠቃቀም እናገራለሁ ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ ግን ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ልናገር ብዬ ጠየቅሁ፤ ኮሚቴውም ፈቀደልኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። "የልማት ሠራተኛን ስለ ትምህርት ምን አገባው?" የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መምህሩ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ "ቀሪ" ብሎ የሚመዘግበውን ልጅ፣ በዚያው ሰዓት ማሳ ላይ የማገኘው እኔ ነኝ። መምህሩ ልጁ እንደሌለ ያውቃል፤ የት እንዳለ የማውቀው ግን እኔና ባልደረቦቼ ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ነዶ ሲሸከም፣ በበልግ እርሻ ጊዜ በሬ ሲከተል፣ በገበያ ቀን ከእናቱ ጋር ድንች ተሸክሞ ሲወርድ፣ እህቱ ደግሞ ከምንጭ ጄሪካን አዝላ ስትወጣ እናያለን። ስለዚህ ጉዳዩ ከመምህራን ያላነሰ እኛንም ይመለከተናል።

ሁለተኛው ምክንያቴ የነገው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ነው። ዩኒየናችን ከዘንድሮው ትርፍ ላይ ለትምህርት ቤቶች ድጋፍ የሚውል ገንዘብ ለመያዝ ማሰቡ የሚያስመሰግን ነው። የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ግን ገንዘቡ ለሁሉም አባል ማኅበራት ቀበሌዎች እኩል በእኩል ይከፋፈል ይላል። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል፣ ማንንም አያስከፋም። እኔ ግን በዚህ መንገድ ከተከፋፈለ በየቀበሌው አንድ የቀለም ቆርቆሮና ጥቂት ቆርቆሮ ከመግዛት የዘለለ ሥራ አይሠራም ብዬ እሰጋለሁ። ይህንን የምለው በስሜት ሳይሆን መንግሥት በዚሁ ጉዳይ ላይ ባለፉት 30 ዓመታት የሄደበትን መንገድ አይቼ ነው። መንገዱን በአጭሩ ላስታውሳችሁ።

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንዲሆን አደረገ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ አስተዳደሩንም ወደ ክልልና ወደ ወረዳ አወረደ። በ1987 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበሩት ተማሪዎች ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ15 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ13 ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ ማለት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት አባቶች ብዙዎቻችሁ ለዚያ ትምህርት ቤት ድንጋይ ያቀበላችሁ፣ ጭቃ የረገጣችሁ፣ እንጨት ያዋጣችሁ ናችሁ። በሪፖርት ላይ "የኅብረተሰብ ተሳትፎ" ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው የእናንተ ጉልበት ነው። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እንደዚያ በተሠራ ክፍል ውስጥ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ገና ሳይቀር ተፈትኜ ወደ ግብርና ኮሌጅ የገባሁትና በዲፕሎማ የተመረቅሁት የዚያ መስፋፋት ተጠቃሚ በመሆኔ ነው።

ለአርብቶ አደሩ አካባቢም የተለየ ዘዴ ተቀይሶ ነበር። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት የሚጨርስ ነው። ሰዓቱም እንደ አካባቢው ኑሮ የሚስተካከል በመሆኑ ከብት የሚያግድ ልጅ ሁለቱንም እንዲያስኬድ ያስችለዋል። ይህ ሐሳብ ወደ እኛ ደጋ አለመምጣቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የትምህርት ቤት ካሌንደርና የአጨዳ ካሌንደር እኛም ዘንድ ይጋጫሉ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ልዩነቱ ውጭ ቀርቶ አልቀረም፤ ተከትሎ ወደ ክፍል ገባ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች ገደማ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ተምረዋል፣ ተመዝግበዋል፣ በስታትስቲክሱ ላይ ተቆጥረዋል፤ አላነበቡም። በዋና ከተማው ያለው ልጅና በገጠር ያለው ልጅ በዚህ ምዘና እጅግ የተራራቀ ውጤት ነበራቸው።

በቅርብ ዓመታት የታየው ደግሞ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነዋል። ብዙ ሰው መቶኛውን ሰምቶ "ልጆቹ ሰነፉ" አለ። እኔ የማነሣው ሌላ ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ማሳ ላይ አንዱ ዘለላ ቢመክን የዘሩ ችግር ሊሆን ይችላል። ማሳው በሙሉ ባዶ ሲሆን ግን ማንም ገበሬ ዘሩን ብቻ አይወቅስም፤ አፈሩን ይጠይቃል፣ ውኃውን ይጠይቃል፣ የተዘራበትን ቀን ይጠይቃል። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ እኔ ከእሱ ጋር አልስማማም።

መንግሥት ይህን ልዩነት ለማጥበብ ምን አደረገ ወደሚለው ልምጣ።

በ2001 ዓ.ም. የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የሚባለው ተጀመረ። ገንዘቡ ከመንግሥትና ከአጋር ድርጅቶች የተዋጣ ሲሆን መጽሐፍ ማሳተም፣ መምህራንን ማሠልጠን፣ ለትምህርት ቤቶችም በቀጥታ የሚደርስ ድጎማ መስጠትን ይጨምራል። መምህራኖቻችን "ስኩል ግራንት" የሚሉት ይኸው ነው። ድጎማው በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ሆኖ ለመጀመሪያ እርከን ተማሪ 50 ብር፣ ለሁለተኛ እርከን 55 ብር በሚል ተጀመረ። ብሩ ትንሽ ነው አትበሉ። ከዚያ በፊት ርዕሰ መምህሩ ጠመኔ ለመግዛት ወረዳ ድረስ ይመላለስ ነበር። በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ ገብቶ፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት (ወመህ) ተሰብስቦ "ይህን እንግዛ፣ ያን እናድስ" ብሎ መወሰኑ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ሆኖም ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። እንበል፣ በከተማ ዳር 1,500 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አለ፤ በ50 ብር ሒሳብ 75,000 ብር ያገኛል። ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ ያለ 300 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ 15,000 ብር ያገኛል። በነፍስ ወከፍ እኩል ነው። አሁን ሁለቱም አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይግዙ። የከተማው በባጃጅ ያስመጣዋል። የሩቁ የመኪና፣ ከዚያ የአህያ፣ ከዚያ የሰው ሸክም ይከፍላል። የሁለቱም ጣሪያ ቢያፈስ የአንድ ክፍል ጣሪያ ዋጋው በተማሪ ቁጥር አይቀንስም። የከተማው ትምህርት ቤት ላይ ደግሞ ባለሱቁ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ያለው የቀድሞ ተማሪ ያዋጣል። የሩቁ ላይ የሚያዋጣው ያው ዓመቱን ሙሉ ያዋጣው ገበሬ ነው። እኩል ገንዘብ ወጣ፤ የደረሰው ነገር ግን እኩል አልነበረም።

አባቶቼ፣ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ለስንት ዓመት ነው በየቀበሌው እየዞርን "አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ በሄክታር" ስንል የኖርነው? ለቆላውም፣ ለደጋውም፣ ለቀዩም፣ ለጥቁሩም አፈር አንድ ዓይነት ምክር ነበር። እኔ ወደ ሥራ ስገባ የቀደሙኝ ባልደረቦች በቃላቸው ያዜሙት ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሲሠራ ግን አፈራችን ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላም ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ እንደሚጎድለው፣ ጉድለቱም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ታየ፤ ዳፕም በኤንፒኤስና በቅይጥ ማዳበሪያዎች ተተካ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ የደጋው አፈር አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ ማዳበሪያ ብትጨምሩ ፎስፈረሱን አፈሩ ራሱ አስሮ ይይዘዋል፤ ሰብሉ አያገኘውም። ዋጋውን ከፍላችኋል፣ ማሳው ላይ በትናችኋል፣ ሥሩ ግን አልደረሰውም። መጀመሪያ ኖራ ያስፈልጋል። ጎረቤታችሁ አሲዳማ ያልሆነ መሬት ካለው ኖራ አያስፈልገውም፤ እናንተ ኖራ ስላገኛችሁ እሱ ተበደለ የሚል የለም።

ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ፊት አዲስ መጽሐፍ ማስቀመጥ በአሲዳማ አፈር ላይ ማዳበሪያ እንደመበተን ነው። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ መግባቱ ግን አጠራጣሪ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ተረድቷል ማለት ይቻላል። በ2010 ዓ.ም. የጀመረው ሦስተኛው የፕሮግራሙ ምዕራፍ ስሙ ላይ "ፍትሐዊነት" የሚል ተጨምሮበታል። ለልጃገረዶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢዎችና ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የተለየ ትኩረት ተሰጠ። በተለይም እንደ አፋር፣ ሶማሌና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላሉ ክልሎችና ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች ለሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ድጎማ በላይ ተጨማሪ ድጎማ እንዲሰጥ ተወሰነ። መስማት ለተሳናቸውና ማየት ለተሳናቸው ልጆች የመርጃ ማዕከላት በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተደራጁ። ይህ ከ"እኩል" ወደ "እንደ ጉድለቱ" የተደረገ ሽግግር ነው። ሽግግሩ በወረቀት ላይ እንዳለው ሁሉ በሁሉም ቦታ መሬት ላይ ወርዷል ብዬ አልናገርም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

የዚያ ምዕራፍ ሌላው ባሕርይ ገንዘቡ ከውጤት ጋር መያያዙ ነው። የተስማሙበት ውጤት ሲታይ ገንዘቡ ይለቀቃል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ክፍያ ሪፖርትን በሚከተልበት ቦታ ሁሉ ሪፖርት ከእውነቱ ቀድሞ የመሮጥ ጠባይ አለው። ይህን የምለው ትምህርት ቤቶችን ለማማት አይደለም፤ የኮምፖስት ጉድጓድ ስንቆጥር የኖርን ሰዎች ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ ያላችሁ የወረዳ ኃላፊዎች ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ።

አሁን ከሁሉ አስበልጬ ልቆይበት ወደምፈልገው፣ ወደ ምገባ ልሻገር።

በአገራችን የተማሪዎች ምገባ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ፣ በአብዛኛው ድርቅ በሚደጋገምባቸው አካባቢዎች ሲሠራበት ቆይቷል። በአፋርና በሶማሌ ዓይነት አካባቢዎች ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ወደ ቤት የሚወስዱት ዘይት ይሰጣቸው ነበር። ብልሃቱ ይገርመኛል፤ ልጅቷን በቤት ውስጥ ከምትሰጠው አገልግሎት ላይ ለማስለቀቅ ለእናትየው የሚታይ ነገር መስጠት ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ጊዜም መንግሥት በራሱ በጀት አስቸኳይ የምገባ ሥራ አካሂዷል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት፣ ደብተርና የደንብ ልብስ መስጠት ጀመረ። የከተማው አስተዳደር ገንዘብ ስላለው ቻለ እንላለን፤ እውነት ነው። በዚህም ምክንያት በከተማና በገጠር መካከል ያለው ርቀት በአንድ በኩል ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚቀርበው በ2004 ዓ.ም. ገደማ በቀድሞው የደቡብ ክልል የተሞከረው ነው። "በአገር በቀል ምርት ምገባ" የሚባለው ሐሳቡ ቀላል ነው። ከውጭ የሚመጣ እህል ለተማሪ ከማብሰል ይልቅ በአካባቢው ገበሬ የተመረተ በቆሎና ቦሎቄ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል ተገዝቶ ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል። ልጁ ይመገባል፣ አባቱ ገበያ ያገኛል፣ ዩኒየኑ የታወቀ ደንበኛ ያገኛል። አንድ ብር ሦስት ቦታ ይሠራል።

ይህ በወሬ እንደሚቀል በሥራ አይቀልም፤ ባለሙያ በመሆኔ ችግሩን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በቆሏችን ጎተራ የሚገባው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለመስከረም የሚቀርበው እህል ከአምናው ምርት ተቀምጦ የከረመ መሆን አለበት። ዘጠኝና አሥር ወር የሚቀመጥ በቆሎ ደግሞ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ በላይ ከሆነ ይሻግታል፣ ከዚያ ነቀዙ አለ። ሻጋታ የነካው በቆሎ ለልጅ መርዝ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም። ዩኒየናችን መጋዘን አለው፤ የእርጥበት መለኪያ መግዛትና ሦስት ሽፋን ያለውን አየር የማያስገባ ከረጢት ለአባላት ማዳረስ ከአቅሙ በላይ አይደለም። ቦሎቄውንም አባላት በኩንታል ደባልቀው ከሚያመጡት በዓይነት ለይቶ መረከብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቶሎ የሚበስል፣ ሌላው የማይበስል ሲቀላቀል ምግብ አብሳይዋ እናት ማገዶ ፈጅታ ጥሬ ታወጣለች።

ሌላው እንቅፋት ክፍያ ነው። መንግሥታዊ ግዢ በጨረታና በሰነድ ነው፤ ገንዘቡ ሊዘገይ ይችላል። ገበሬው ደግሞ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ጫማ፣ የለቅሶ መዋጮ አለበት፤ ሦስት ወር አይጠብቅም። ነጋዴው በእጁ ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ዩኒየኑ ለአባሉ ቀድሞ ከፍሎ ከመንግሥት በኋላ የሚቀበልበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ከሌለው በቀር ይህ ሥራ በመጀመሪያው ዓመት ይሰናከላል። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች እዚህ ስላላችሁ በግልጽ ልናገር። ምገባ በእቅዳችሁ ላይ ካለ፣ ግዢው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ዋጋው በወረደበትና ምርቱ ባለበት ጊዜ እንዲሆን በጀቱን ቀድማችሁ ብትለቁ መንግሥትም ይጠቀማል፣ ገበሬውም ይጠቀማል። በሰኔ የተለቀቀ በጀት የሚገዛው የነጋዴን እህል ነው።

ስለ ልጃገረዶች ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ ይቀመጥ የነበረ መሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ፕሮግራምም ነጥቡ ይህን ልዩነት ያገናዘበ መሆኑ ይታወቃል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን እንደ ችሮታ ሲቆጥሩት እሰማለሁ። ወንዱ ልጅ ማታ በኩራዝም ሆነ በሶላር ሲያጠና እህቱ እንሰት ስትፍቅ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ሕፃን ስታዝል አይቻለሁ። ሁለቱ የገቡበት ፈተና አንድ ቢሆንም የያዙት የጥናት ሰዓት አንድ አይደለም። ሁለተኛው፣ 12ኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ ነጥብ 6ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችን ልጅ አይመልስም። ለእሷ የሚያስፈልገው በር ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤትና ውኃ ነው። ይህ ደግሞ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም።

ኮምፒውተሩንም ላንሣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ኩረጃን ለማስቀረት የታሰበ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ይሁንና መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ማውዝ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው የዕድሜ ልኩ ዕጣ በሚወሰንበት ሰዓት መሆን የለበትም።

በ2015 ዓ.ም. "ትምህርት ለትውልድ" በሚል የተጀመረው ንቅናቄ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸው በኢንስፔክሽን ከታየ በኋላ የመጣ ነው። ኅብረተሰቡ ሁሉ ትምህርት ቤቱን ይደግፍ ይላል። በእኛም አካባቢ ብዙ ተሠርቷል። ግን ልብ በሉ፤ ኅብረተሰብ ይደግፍ ሲባል ሀብታም ኅብረተሰብ ብዙ ይደግፋል፣ ድሃ ኅብረተሰብ ትንሽ ይደግፋል። ንቅናቄው ብቻውን ከተተወ ልዩነቱን ያሰፋዋል። ይህንን ሊያስተካክል የሚችለው ከአንድ ቀበሌ በላይ የሆነ፣ የሀብታሙንም የድሃውንም ቀበሌ ገንዘብ በአንድ ቋት የያዘ አካል ነው። እንዲህ ዓይነት አካል ሁለት ብቻ አውቃለሁ፤ አንደኛው መንግሥት ነው፣ ሁለተኛው ዩኒየናችን ነው።

ኅብረት ሥራና ትምህርት ከጥንት የተጋቡ ናቸው። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ የዘመናዊ ኅብረት ሥራን መሠረት የጣሉት ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ሱቃቸው ትርፍ ማግኘት ከጀመረ በኋላ 2.5 በመቶውን ለትምህርት መድበው ነበር። ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ ትምህርትና ሥልጠና፣ አንዱም ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ ነው። በአገራችንም በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ የሚገኘውን ተጨማሪ ክፍያ አባል ማኅበራት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ እንዲሠሩበት ማድረጉ ይታወቃል። ስለዚህ ዩኒየናችን የጀመረው እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ነገው አጀንዳ ልመለስ። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ድምፁ የእናንተ ነው። ሐሳቤ ግን ይህ ነው። ከተያዘው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ጥቂት የጋራ ድርሻ ይሰጥ፤ ማንም ባዶ እጁን እንዳይመለስ። ቀሪው፣ አብዛኛው ማለቴ ነው፣ እንደ ጉድለቱ ይሰጥ። ጉድለቱን በጭቅጭቅ ሳይሆን በሚታይ ነገር እንለካው። ትምህርት ቤቱ ከመኪና መንገድ ምን ያህል ይርቃል? በኢንስፔክሽን ደረጃው ስንት ነው? በአጨዳ ወራት ስንት ልጅ ይቀራል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያውቃቸዋል። ሦስተኛውን የየቀበሌው የልማት ሠራተኞች ከርዕሳነ መምህራን ጋር ሆነን በአንድ ሳምንት ውስጥ ልናቀርበው እንችላለን፤ ባልደረቦቼን አነጋግሬ ነው ይህን የምለው።

"የእኔ ቀበሌ ማኅበር ብዙ ስንዴ አስረክቦ፣ ብዙ ትርፍ አስገብቶ እንዴት ገንዘቡ ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል?" የሚል አባል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም አግባብ ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስላስረከባችሁት መጠን የሚገባችሁ የትርፍ ክፍፍል አለ፤ እሱ በተሳትፏችሁ ልክ ይመጣላችኋል፣ ማንም አይነካውም። እየተነጋገርን ያለነው ከዚያ ውጭ ለማኅበረሰቡ ስለተያዘው ነው። ሁለተኛ፣ ዩኒየኑ መኪና ወደ ሩቁ ቀበሌ ልኮ ማዳበሪያ ሲያደርስ የትራንስፖርቱን ዋጋ ሁላችንም ተካፍለን እንከፍላለን፤ በርቀቱ የተነሣ ከሩቁ አባል ብቻ ይውጣ ብሎ ያለ የለም። ያ ትክክል ከሆነ ይህም ትክክል ነው።

ከገንዘቡ ጋር አብሮ ሊወሰን የሚገባው፣ ምናልባትም ከገንዘቡ የሚበልጠው ነገር ደግሞ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ መሠረታዊ ማኅበራት የመውቂያ ማሽኑን ተራ ሲያወጡ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ላላስቀሩ ቤተሰቦች ቅድሚያ ይስጡ። ደቦውም ጉልበት ለሌላቸው፣ በተለይም በሴት ለሚመሩ ቤተሰቦች ቀድሞ ይድረስ። አንዲት እናት ብቻዋን ስታጭድ ልጇን ብታስቀር ማን ይፈርድባታል? ማሽኑ በጊዜ ከደረሰላት ግን ልጁ ክፍሉ ውስጥ ይውላል። ይህ ለዩኒየኑ አንድ ብር አያስወጣውም፤ የተራ ወረቀቱን ማስተካከል ብቻ ነው። ዘንድሮ በሦስት ቀበሌ ብንሞክረውና በየካቲት ወር የመቅረት መዝገቡን ከአምናው ጋር ብናስተያየው ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ እናያለን። መዝገቡን ከትምህርት ቤቶቹ ተቀብዬ ለዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ለማቅረብ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።